ከሶፍትዌር መድረኮች ጋር ለሚገናኙ የውጭ አገልግሎቶች የሚሰጥ ፈቃድ ጥንቃቄ ያሻዋል

የሶፍትዌር ባለሙያዎች ኮድ የሚያከማቹበትና በጋራ የሚሠሩበት ጊትሃብ፣ ሌሎች ድርጅቶች የሠሯቸው አገልግሎቶች ከመድረኩ ጋር እንዲገናኙ መፍቀዱ ጠቀሜታውን አስፍቶታል። እ.ኤ.አ በ2017 ይፋ ባደረገው የገበያ ማዕከል ተጠቃሚዎች ኮድ የሚፈትሹና ለሥራ የሚያበቁ አገልግሎቶችን ይመርጣሉ። በዚህም ተቋማት መሣሪያውን ሁሉ ራሳቸው ለመሥራት የሚያወጡትን ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባሉ።

ይሁን እንጂ አገልግሎቶቹ ሥራቸውን ለማከናወን ወደ ተቋሙ ኮድ የመግባት ፈቃድ ይሻሉ። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2022 አጥቂዎች ለሄሮኩና ለትራቪስ ሲአይ ተሰጥተው የነበሩ የመግቢያ ፈቃዶችን ሰርቀው የበርካታ ተቋማትን መረጃ መውሰዳቸውን ጊትሃብ አስታውቋል። ፈቃዶቹ ከራሱ ሥርዓት ተሰርቀዋል ብሎ እንደማያምንም ገልጿል።

እ.ኤ.አ በማርች 2025 ደግሞ ከ23 ሺህ በላይ የኮድ ማከማቻዎች ይጠቀሙበት በነበረ አንድ የውጭ መሣሪያ ውስጥ ጎጂ ኮድ ገብቶ፣ የይለፍ ቃላትንና መሰል ምስጢሮችን በሥራ ምዝግቦች ላይ እንዲያወጣ ተደርጓል።

ሁለቱም ክስተቶች የሚያመለክቱት የጉዳቱ መጠን በተሰጠው ፈቃድ ስፋት የሚወሰን መሆኑን ነው። በመሆኑም ፈቃዱን ለሥራው በሚያስፈልገው ማከማቻ ብቻ መገደብ፣ ዕድሜውን ማሳጠር፣ እንዲሁም የተመረመረውን የመሣሪያ ቅጂ ለይቶ መጠቀም ይገባል። አገልግሎቱ ሲቋረጥ ፈቃዱን መሰረዝም የባለሙያው ብቻ ሳይሆን ፈቃዱን ያጸደቀው ኃላፊ ግዴታ ነው።