ተቀበል ሲባል የት ነበሩ?

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የተማሩ ሰው፣ የጠዋቱ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ ቁርስ ቤት ተቀምጠው የዚህን ዓምድ ጸሐፊ ሳምንቱን ሙሉ ያብከነከነ ፍርድ ሰጡ። ሕዝቡ ሙዚቃ ማድመጥ አያውቅም ባይ ናቸው። ማስረጃቸው አዝማሪ ቤት ነው፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ታዳሚው ያወራል፣ ይስቃል፣ ከዚህም ከዚያም ይጮኻል። አውሮጳ ቢሆን ኖሮ አዳራሽ ውስጥ ያሳለው ሰው እንኳ በግልምጫ ይገረፍ ነበር። ስለዚህ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዝም ብለው መስማት ይማሩ ነው የሚሉት።

ዓምደኛው ሻዩን ጨርሶ ወጣ። መልሱን እዚህ ያገኙታል።

በመጀመሪያ፣ አዝማሪ ቤት የሚጮኸው ሰው የሚጮኸው «ተቀበል!» ብሎ ነው። ስንኝ ሊሰጥ ነው። አዝማሪው ያችን ስንኝ ተቀብሎ፣ ሳይውል ሳያድር ዜማው ላይ አስቀምጦ ይመልሳታል፤ ማዶ የተቀመጠው ደግሞ መልስ አለኝ ብሎ ይነሣል። እዚያ ቤት ዝም ያለ ሰው ጨዋ አይባልም፤ ወይ ስንኝ ያጣ ነው ወይ ብር የሰሰተ። ብዙ ዝም ካለ ደግሞ አዝማሪው በካፖርቱ ወይም በራሰ በራው ይጀምርና ቤቱን በሳቅ ያፈርስበታል። ሰውየው ምናልባት የቂማቸው ምንጭ እዚህ ላይ ይሆን?

አውሮጳም ቢሆን ዝምታን የለመደው ዘግይቶ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኦፔራ ቤት ታዳሚ ይበላ፣ ካርታ ይጫወት፣ ወሬውን ይሰልቅ ነበር። ሞዛርት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1778 ፓሪስ ላይ አዲስ ሲምፎኒ አሰምቶ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ሰው እንደሚወዳት የሚያውቃት አንዲት ቦታ እንዳለች፣ እዚያ ሲደረስም ሙዚቃው እየሄደ ታዳሚው በጭብጨባ እንዳቋረጠው ይተርካል። የተቀየመ አይምሰላችሁ። ደስ ብሎት፣ ካለቀ በኋላ አይስክሬም ሊበላ ነው የሄደው። ዛሬ እዚያው ከተማ በዚያው ቦታ ላይ የሚያጨበጭብ ሰው መግቢያው ይጠፋዋል።

ለነገሩ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ «እግዚአብሔር ነግሠ» የተባለው የመዝሙር ድርሰት የሚነገርላቸው ንጉሥ ናቸው። ይህ ሕዝብ ጆሮ የለውም ለማለት ከተማውም በደንብ አልተመረጠም።

ከዚያው ወደ ሰሜን መንዝ ገብቶ የኖረው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን መጽሐፉን በ1965 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ሲያሳትም፣ ርእሱን ያገኘው ከቅኔው ነው። መንዝ ውስጥ ግጥም ሲሰማ ሳቁ በአንድ ጊዜ አይመጣም። ወርቁን የቀደመው ይስቃል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ከሁሉም በኋላ ሌላው ስለሳቀ ብቻ የሚስቀው። ማን ምን ያህል እንደሰማ ወዲያው ይታወቃል። ከዚህ የበለጠ የማድመጥ ፈተና ያለው ካለ ያምጣ።

ቤተ ክርስቲያኑም ዘንድ ያው ነው። አንኮበር ላይ ጥምቀትን የዋለ ሰው መቋሚያውና ጸናጽሉ ከከበሮው ጋር ሲነሣ ሴቶቹ በእልልታ የሚገቡበትን ቦታ ማንም ሳይነግራቸው እንደሚያውቁት አይቷል። ዜማውን የሚመሩትም በዝምታ አልተማሩትም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገረው ምልክት ብራናው ላይ አለ፤ ቢሆንም ተማሪው ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን የሚለየው ከየኔታ ፊት ቆሞ በማዜም ነው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል፣ የሳተበት ላይ ያስቆሙታል፣ እንደገና ይላል።

እዚህ ላይ አሮጌው ጠብ መነሣቱ አይቀርም፤ ሞንታርቦ።

በጥር አንድ የደብረ ብርሃን ሠርግ ላይ ድንኳኑ ውስጥ የተደረደረው ሞንታርቦ የሰው ደረት እያንቀጠቀጠ ሳለ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ። ስልካቸውን ሲነካኩ የነበሩት ወጣቶች ቀና አሉ። አንዲት እናት ከየት እንዳመጡት ያልታወቀ ከበሮ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ገቡና አንድ አወጡ። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ተቀበለ። ዓምደኛውን ያስደነቀው እነዚያ ስልክ ሲነካኩ የነበሩት ልጆች መቀበያውን አንድም ሳይስቱ ማወቃቸው ነው፤ ጭብጨባው ያዘ፣ አንገትና ትከሻ ተንቀሳቀሰ፣ ሙሽራው ሳይቀር ተነሣ። ከዚያ መብራት መጣ። ዲጄውም ስንኙ እንኳ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ለቀቀባቸው።

ወጣቱ የሚወደው ሞንታርቦውን ነው የሚሉ አንባቢያን ደብዳቤ ደርሷል።

በማሽን ላይ ጥላቻ የለም። ምንጃር የተወለዱት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዐፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ጀርመን ሲልኳቸው፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት ድምፃቸውን ሸክላ ላይ አስቀርጸው ተመለሱ፤ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም 27ኛ ቅጽ ሆነው ወጡ። ተሰማ በግጥም ምልልስ የታወቁ፣ ለአንድ ስንኝ ሌላ ስንኝ የሚመልሱ ሰው ነበሩ። ጀርመን ውስጥ ግን ከፊታቸው የነበረው የመቅረጫው ቀንድ ብቻ ነው። ተቀበል የሚላቸው ሰው በሌለበት እንዴት እንደዘፈኑት ማሰብ ይገርማል። ሸክላው ባይኖር ደግሞ ዛሬ ማንም አይሰማቸውም ነበር። ስለዚህ የሸክላውን ውለታ እንመን፤ የዲጄውን ግን አናምንም።

በዚህ የዳቦና የገብስ አገር ማሽን ሲገባ የጠፋ ሌላም ነገር አለ። የናፍጣ ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት ሴቶች ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ ያንጎራጉሩ ነበር። የባል ክፋት፣ የአማት ምላስ፣ የራቀ ወንድም ሁሉ እዚያ ይነሣል። ፊት ለፊት ቢነገር ጠብ የሚያስነሣው ነገር ከወፍጮው ጋር ሲወጣ ይታለፋል፤ አማትየዋም ግድግዳው ማዶ ተኝታ ሰምታ፣ እንዳልሰማ ሰው ታነጋለች። ወፍጮ ቤቱ የሴቶቹን ክንድ አሳርፏል፣ ይመስገን። እንጉርጉሮው ግን የሚወጣበት ሌላ ሥራ አላገኘም።

ላሊበሎቹ ግን አሉ። ሌሊቱ ሳይነጋ፣ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፣ በር ላይ ቆመው የሚያዜሙት። ዜማውን ቢተዉ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚል እምነት ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ ኖሯል፤ የሚዘፍኑት ለልመና ብቻ ነው ብሎ የሚያልፋቸው ሰው ዕዳቸውን አያውቅም። ዋናው ጥበባቸው ደግሞ ከዜማው በፊት ያለው ነው። ከጎረቤት ጠይቀው የቤቱን ባለቤት ስም፣ የልጆቹን ስም፣ አንዳንዴም የሞተበትን ዘመድ ያውቃሉ። ከዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ የተኛው ሰው ስሙ ሲወደስ ሰምቶ ይነቃል። ወንዱ ያወጣል፣ ሴቲቱ ትቀበላለች። የተሰጣቸው መርቀው ይሄዳሉ። ያልሰጣቸው ቤት ደግሞ ስሙን በሌላ ዜማ ሊሰማው ይችላል።

ችግሩ ኮንዶሚኒየሙ ነው። ግቢው አጥር አለው፣ አጥሩ ዘበኛ አለው፣ ዘበኛው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የመጣ ባለ ነጠላ አያስገባም። ቢያስገባስ? አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ሰው ስም ጎረቤቱ ራሱ አያውቀውም፤ ላሊበላው ማንን ይጠይቃል? የብሎክ ኮሚቴዎች ውሃና ጽዳት ላይ መሰብሰባቸው ካልቀረ፣ በዓመት አንድ ሌሊት በሩ ይከፈትላቸው የሚል አጀንዳ ቢይዙ ምን ይጎዳቸዋል? እንቅልፍ እናጣለን የሚል ነዋሪ እንደሚነሣ ይታወቃል። እሱ ሰው ባለፈው ጥር ሞንታርቦው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያንባርቅ ለየትኛው ኮሚቴ አመለከተ?