በአንዲት «ዛን ዩ» ተኮራረፍን



የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ከፍቅረኛዬ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል። ባለፈው እናቷ ላይ ስትጮህ ሰማሁና አላስችል ብሎኝ ማታ በስልክ «አይ ሪስፔክት ዩር ማዘር ሞር ዛን ዩ» ብዬ ጻፍኩላት። ማለት የፈለግሁት «አንቺ ከምታከብሪያት በላይ እኔ አከብራታለሁ» ነው። እሷ ግን «ከእኔ ይልቅ እናቴን ነው የምታከብረው? ንቀኸኛል ማለት ነዋ!» ብላ ይኸው ሦስት ሳምንት ዘጋችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የእንግሊዝኛው?

ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦

ወንድማችን፣ የጻፍከው ስህተት አይደለም። ችግሩ ሁለት ፍቺ ያለው መሆኑ ነው፤ እሷ ደግሞ የሚያስቀይመውን ያዘች።

ከ«ዛን» ቀጥሎ የተዋጠ ዓረፍተ ነገር አለ። አንተ የዋጥከው «ዩ ዱ» የሚለውን ነው፤ እሷ የሰማችው ግን «አይ ሪስፔክት ዩ» የሚለውን ነው። ስለ ወንድሟ ቢሆን ኖሮ ተውላጠ ስሙ ይለየው ነበር፦ «ዛን ሂ» ካልክ ባለቤት ነው፣ «ዛን ሂም» ካልክ ተሳቢ። «ዩ» ግን ለባለቤትም ለተሳቢም ያው «ዩ» ነው። መድኃኒቱ አንዲት ግስ ናት፦ «ዛን ዩ ዱ»።

ይህች ግስ የምትስማማው አጠገቧ ካለው ተውላጠ ስም ጋር ነው እንጂ ከመጀመሪያው ባለቤት ጋር አይደለም። «ማይ ሲስተር ሪድስ ሞር ዛን አይ ዱ» ይባላል፤ «ዛን አይ ደዝ» አይባልም። ሲገለበጥ ደግሞ «አይ ሪድ ሞር ዛን ሺ ደዝ» ነው። «ሺ ኢዝ ቶለር ዛን ሚ» የሚለውንስ? በጨዋታ መሀል እንግሊዞቹም ይሉታል። ፈተና ላይ ግን «ዛን አይ አም» ብለህ ጻፍ፤ ማንም አይነካብህም።

ለምን ይምታታብናል? አማርኛችን ሲያወዳድር «ይበልጣል» በሚል ግስ ነው፤ አፋን ኦሮሞም «ጫላ» ይላል። አዳማ ላይ በለጠ የሚባልም ጫላ የሚባልም ልጅ የማይጠፋው ለዚሁ ነው። «ከእኔ» የሚለው ቃል ደግሞ ባለቤትም ሆነ ተሳቢ አይለወጥም። እናም «ካንቺ የበለጠ እናትሽን አከብራለሁ» ብለህ በአማርኛ ብትጽፍላትም ኖሮ ከጠቡ አታመልጥም ነበር።

አሁን ሰዋስው ላስተምርሽ ብለህ እንዳትሄድ! እናትና ልጅ መሀል ገብተህ ራስህን ከእሷ ጋር ማወዳደርህ በየትኛውም ቋንቋ ያስቀይማል። በአካል አግኛትና «ንቄሽ አይደለም፤ እናትሽ ላይ ስትጮሂ ግን ከፋኝ» በላት። እዚህ ውስጥ ማንም ከማንም አይበልጥም።