የጂዛን ዩኒቨርሲቲና የጎረቤት ልጅ

የጂዛን ስም በብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የሚነሣው ከመንገድ ጋር ነው። ሳምጣና ጡዋልም ከየመን የሚመጣ ሰው የሚያልፍባቸው የድንበር ከተሞች ሆነው ይታሰባሉ። በዚሁ ምድር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ። ከዚያ በፊት ከፍተኛ ትምህርት የሚሻ ብዙ የአካባቢው ወጣት ወደ አብሃ፣ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ሪያድ መጓዝ ነበረበት።

በድንበር ላይ የቆመ ዩኒቨርሲቲ ክብሩ የሚለካው በሕንፃው ግዝፈት ሳይሆን አካባቢውን በማወቁ ነው። ጂዛንም የሚጠናበት ብዙ ነገር አላት። እ.ኤ.አ. በ2000 ከብትንና ሰውን የሚያጠቃው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በጂዛንና በየመን ተከሠተ፤ በሽታው ከአፍሪካ ምድር ውጭ ሲረጋገጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። በፈይፋና በዳይር ተራሮች የሚለማው የኸውላኒ ቡና የአመራረት ዕውቀትም እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የዓረቢካ ቡና ጥንተ መገኛው ደግሞ የኢትዮጵያ ደን ነው። እንግዲህ ቀይ ባሕር የሁለቱን ዳርቻዎች ሕይወት አልለየም፤ የጂዛንን ጤናና እርሻ የሚያጠና ምሁርም ማዶውን ሳያውቅ ጥናቱ ሙሉ አይሆንም።

ባሕር የተሻገረው ቡና በተራራው ላይ ሥር ሰድዶ ፍሬ ሰጥቷል። ባሕር የተሻገረ ቤተሰብ ልጅስ? የሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ አገር ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። በአገሪቱ ውስጥ ሆኖ የሚያመለክት ተማሪ ግን ሕጋዊ ኢቃማና የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። ቦታው ውሱን፣ ውድድሩም ብርቱ ነው።

ስለዚህ ነገሩ የሚወሰነው በማመልከቻው ቀን ሳይሆን ከዓመታት በፊት በቤት ውስጥ ነው። ኢቃማውን በጊዜው የሚያሳድስ፣ የትምህርት ማስረጃ በሚገባ የሚያስቀምጥ፣ ልጁ የዓረብኛን ንባብና ጽሕፈት እንዲያደላድል የሚተጋ ወላጅ በሩን ከወዲሁ እያንኳኳ ነው። «ነገ አገር ቤት እንገባለን» እያለ ትምህርቱን የሚያዘገይ ግን ልጁን ከሁለቱም አገር ዕድል ያጎድለዋል።

ዩኒቨርሲቲውም በበኩሉ አማርኛንና ዓረብኛን አጣምሮ የሚያውቅ ወጣት በድንበር ሐኪም ቤት ምን ያህል እንደሚጠቅም ቢያጤን መልካም ነው። የታመመ መንገደኛ ሕመሙን በገዛ ቋንቋው ሲናገር የሚረዳው ሐኪም ቢያገኝ፣ የዕውቀቱ ፍሬ ለእንግዳውም ለባለ አገሩም ይሆናል።