ስለ ሸርጣንና ስለ ቤቱ

ሸርጣን የሚለውን ስም ብዙዎቻችን ያወቅነው እንስሳውን በማየት ሳይሆን 12ቱን የከዋክብት ምድብ በመቍጠር ነው፤ ሐመል፥ ሰውር፥ ገውዝ ብለን በአራተኛው ሸርጣን እንላለን። ዛሬ ግን የሰማዩን ትተን ስለ ባሕሩ ሸርጣን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን፤ በቤቱ ነገር ለወላጆች የሚጠቅም ምክር አግኝተንበታልና።

ሸርጣን 10 እግር አለው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ እንደ አንጥረኛ ጉጠት የሚይዙ ናቸው። አጽንቶ የሚያቆመው ቅርፊት በውጭ ስለ ሆነ፥ ሰውነቱ ሲያድግ ቅርፊቱ አብሮ አያድግም። ስለዚህ በየጊዜው አሮጌውን ሰንጥቆ በስተኋላ በኩል ይወጣል፤ ዐዲሱም እስኪጠነክር ድረስ ለስላሳና ደካማ ስለሚሆን ከጠላት ተሸሽጎ ይቈያል። በጠብ የተቈረጠ እግር ቢኖረው እንኳ ቅርፊቱን ሲለውጥ መልሶ ይበቅልለታል።

የሸርጣን ዘመድ የሆነ ሌላ ደግሞ አለ፤ እኛ ቤት ተበዳሪ ብንለው ይገባዋል። የኋላ አካሉ ለስላሳ ስለ ሆነ የሞተ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ፈልጎ ይገባበታል፤ ሲያድግም ይጠበዋል። በባሕር ዳር አንድ ሰፊ ቅርፊት በተገኘ ጊዜ ከትልቅ እስከ ትንሽ በተራ ይሰለፋሉ፤ ትልቁ ዐዲሱን ሲይዝ ተከታዩ የርሱን አሮጌ ይወርሳል፥ እንዲህ እያለ እስከ ታናሹ ይደርሳል። የታላቁን ልብስ ታናሹ እንዲለብሰው ማድረግ በየቤታችን ያለ ልማድ ስለ ሆነ፥ ይህ ለልጆቻችን ቢነገራቸው ደስ ይላቸዋል።

ከዚሁ ወገን የሆነው የኮኮነት ሸርጣን በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ይኖራል። በልጅነቱ ቅርፊት ይበደራል፤ ሲጐለምስ ግን የገዛ ቈዳው ስለሚጠነክር የተበደረውን ይተወዋል። ክብደቱ እስከ 4 ኪሎ ይደርሳል፤ ዛፍ ይወጣል፥ ኮኮነትም በጉጠቱ ይሰብራል። የባሕር ዘር ሆኖ ሳለ፥ ካደገ በኋላ ውሃ ውስጥ ቢቈይ ይሰጥማል።

አሁን የሚያሳዝነውን እንናገር። ቤት ተበዳሪው መጠጊያ ሲፈልግ ሰው በጣለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ግድግዳው ስለሚያንሸራትተው መውጣት አቅቶት ይሞታል። የሬሳው ሽታ ለባልንጀሮቹ ባዶ ቤት መገኘቱን የሚያበሥር ምልክት ነውና፥ እነርሱም ተከትለው እየገቡ በላዩ ያልቃሉ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2019 ዓመተ ምሕረት የታተመ ምርመራ፥ በሕንድ ውቅያኖስ በኮኮስ ደሴቶችና በሰላማዊ ውቅያኖስ በሄንደርሰን ደሴት በዚህ ምክንያት የሞቱትን ወደ 570,000 ገምቷቸዋል።

እኛ ከባሕር ሩቅ ብንሆንም ዐባይ ወደ ባሕር የሚወርድ ወንዝ ነው። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ልጆቻችሁና የቤት ሠራተኞቻችሁ ጠርሙስ በወንዝ ዳር እንዳይጥሉ ብታስተምሯቸው፥ ለማታዩት ፍጥረት ቤቱን እንደ ጠበቃችሁለት ይቈጠራል።