ርዕሰ አንቀጽ፦ የሎሚው ትል

ሰሞኑን አንዳንድ ነዋሪዎች «ሎሚያችንን ትል ፈጀብን፤ ማኅበሩ መድኃኒት ያስረጭልን» ሲሉ አመልክተዋል። አቤቱታው እውነት አለው። ለጋ ችግኝ በሁለት ሦስት ትል ቅጠሉ ተበልቶ ሊያልቅ ይችላል። ሆኖም ትሉ ምን እንደሆነ ሳናጣራ መርጫ ማንሳት አልወደድንም።

ትሉ ሲፈለፈል የወፍ ኩስ ይመስላል፤ እንዳይበላ መላው ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ሲነኩት ከአናቱ ቀንድ መሳይ ነገር አውጥቶ ይከረፋል፤ ይህን እንኳ ልጆቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ከዚያ ራሱን በክር ከእንጨት ጋር አስሮ ሽፋን ውስጥ ይቆይና፣ ጥቁርና ቢጫ ክንፍ ያለው ያ ትልቁ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። አዎን፣ በየአበባው ሲያንዣብብ ቆመን የምናየው!

ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው ስለሚገኝ ዘሩ ይጠፋል አንልም። ከሰፈራችን ግን ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒቱም መርጦ አይገድልም፤ ንቧንም ይጨርሳል፤ ልጆችም ከዛፉ ሥር ይጫወታሉ።

ስለዚህ ርጭቱን አልተቀበልነውም። ችግኝ ያለው ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እያገላበጠ ትሉን በእጁ ይልቀም፤ መግደል ልቡ እምቢ ያለው ወደ ትልቅ ሎሚ ያዛውረው። ትልቁ ዛፍ ይችለዋል።

እኛም ጥፋት አለብን። ባለፈው የጽዳት ዘመቻ የወንዙን ዳር ቁጥቋጦ ከነአበባው «አረም ነው» ብለን ሙልጭ አድርገን መነጠርነው። በመጪው ቅዳሜ ቆሻሻው ይነሣ፣ ቁጥቋጦው ይቆይ። ማጭድ ይዛችሁ አትምጡ፤ አካፋና ጆንያ ይበቃል።