ፒኮ ላይ ያለው መስኮት የለሽ ሕንፃ እና «የባከነ ድምፅ» ወሬ

ስለ ምርጫ ያወራሁበትን ቪዲዮ ከለቀቅሁ በኋላ ከዚህም ከዋሽንግተንም ከሚኒሶታም የመጣው ጥያቄ በአመዛኙ አንድ ነው። «ለግሪን ፓርቲ ድምፅ መስጠት ድምፅ ማባከን አይደለም ወይ?» የሚል። ቪዲዮው ላይ በሁለት ደቂቃ ስላለፍኩት ዛሬ በጽሑፍ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። (አንድ አባት ደግሞ «ግሪን ካርድ የሚያሰጠው ፓርቲ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። አይደለም አባቴ፣ ቢሆንማ ኖሮ እስካሁን አገሩን ሁሉ ያሸንፍ ነበር።)

«የባከነ ድምፅ» የሚለው ክስ ከየት መጣ? ከ2000 ዓ.ም. የአሜሪካ ምርጫ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ያኔ የግሪን ፓርቲ ዕጩ ራልፍ ኔደር ፍሎሪዳ ላይ 97,488 ድምፅ አገኘ። ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን ፍሎሪዳ ላይ የበለጠው በ537 ድምፅ ብቻ ነው። ፍሎሪዳን ያገኘ ዋይት ሐውስን አገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዴሞክራቶች ግሪን የሚባል ነገር ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። እውነቱን ለመናገር፣ ፍሎሪዳ ላይ ክሱ ክብደት አለው። ኔደር በአገር ደረጃ 5 ከመቶ አግኝቶ ለሚቀጥለው ምርጫ የመንግሥት ገንዘብ ለፓርቲው ለማስገኘት ነበር የታገለው። ያገኘው ግን 3 ከመቶ አልሞላም።

ግን እኛ ያለነው ካሊፎርኒያ ነው። እዚህ ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ1988 ነው። ፌርፋክስ ላይ ቆሞ «ለግሪን ድምፅ ከሰጠህ እከሌን ታስመርጣለህ» ብሎ ማስፈራራት ፍሎሪዳ ላይ ለዘነበ ዝናብ ሎስ አንጀለስ ላይ ጃንጥላ እንደመዘርጋት ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ደግሞ እዚህ ለግሪን የፕሬዚዳንት ዕጩ ድምፅ መስጠት ንዴትን ከመግለጽ ያለፈ የሚለውጠው ነገር የለም። ሁለቱም እውነት ነው። ስለዚህ ክርክሩን ፕሬዚዳንት ላይ ማድረጋችን ራሱ ነው ስሕተቱ። የፓርቲው ሰዎችም ይህን ስሕተት በየ4 ዓመቱ ይደግሙታል፣ ያችኑ ጥቂት ጉልበታቸውን እዚያ ላይ ያፈሷታል።

ካሊፎርኒያ ላይ የትናንሾቹን ፓርቲዎች ወገብ የሰበረው ነገር ሌላ ነው። በሰኔ 2010 ሕዝቡ ፕሮፖዚሽን 14 የሚባለውን ሕግ በድምፁ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ለኮንግረስም ሆነ ለክልሉ ምክር ቤት በሚደረግ ምርጫ ሁሉም ዕጩ በአንድ ቅድመ ምርጫ ይወዳደራል፣ ለኅዳሩ የሚያልፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ድሮ ግሪን ፓርቲ ቢሸነፍም እስከ ኅዳር ስሙ ወረቀቱ ላይ ይቆይ ነበር፣ ክርክር ላይ ይጋበዝ ነበር። አሁን ሰው ምርጫ መኖሩን ገና ሳያውቅ፣ በፀደይ፣ ጨዋታው ያልቅበታል። ለኮንግረስ ለመመዝገብ ብቻ 1,740 ዶላር ይከፈላል፣ ገንዘብ የሌለው ፊርማ እየሰበሰበ ማካካስ ይችላል። ፓርቲው በሕግ እንዲታወቅ ደግሞ ከተመዘገበው መራጭ 0.33 ከመቶው በስሙ መመዝገብ አለበት። ወጣቶቹ ክሊፕቦርድ ይዘው ገበሬዎች ገበያ በር ላይ የሚቆሙት ለዚህ ነው። ልመና የሚመስላችሁ ሰዎች አላችሁ፣ ሥራው ግን ያ ነው።

እንግዲህ ትንሽ ፓርቲ በዚህ አጥር ውስጥ የት ነው መግቢያ ያለው? ከተማ ላይ። የከንቲባ፣ የከተማ ምክር ቤትና የትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወረቀቱ ላይ የፓርቲ ስም የለውም። ሰው የሚያየው የዕጩውን ስም ብቻ ነው። ስምህን ደግሞ በር እያንኳኳህ ማስተዋወቅ ትችላለህ።

የሪችመንድን ነገር በደንብ ላውራው፣ ኦክላንድና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች ታውቁታላችሁ። ሪችመንድ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላት የሠራተኛ ከተማ ናት፣ ከጥቁሩም ከላቲኖውም። እዚያው የሼቭሮን ነዳጅ ማጣሪያ ተቀምጧል። ለብዙ ዘመን ከተማዋን የሚመራው ማን እንደሆነ ብትጠይቅ ሰው የሚጠቁምህ ወደ ጭስ ማውጫው ነበር። ጌይል ማክላክሊን የምትባል የግሪን ፓርቲ አባል በ2004 ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠች። በ2006 ወንበር ላይ ያለችውን ከንቲባ በጥቂት መቶ ድምፅ ልዩነት አሸነፈች። በጊዜው ግሪን ከንቲባ ያላት ትልቋ የአሜሪካ ከተማ ሪችመንድ ሆነች።

እንዴት አሸነፉ? ግሪኖች ብቻቸውን አይደሉም። ከተራማጅ ዴሞክራቱም፣ ፓርቲ ከሌለውም ጋር ሆነው አንድ ኅብረት አቋቋሙ፣ የዕጩዎቻቸው ደንብ ደግሞ ከኩባንያ ሳንቲም አለመቀበል ነበር። በምርጫ ሰሞን ብቻ ብቅ ብለው የሚጠፉም አልነበሩም። በ2012 ነሐሴ መግቢያ ላይ ማጣሪያው ተቃጠለ፣ ወደ 15 ሺህ ሰው ትንፋሽ አጥሮት፣ ዓይኑ ተቃጥሎ ሕክምና ፍለጋ ሄደ። በ2014 ምርጫ ሼቭሮን ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ። ልብ በሉ፣ ለአንድ ከተማ ምርጫ ነው! ቢልቦርዱ፣ በራሪ ወረቀቱ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ የእሱ ሆነ። የደገፋቸው ዕጩዎች ግን ተሸነፉ። በ2024 ደግሞ ከተማዋ በማጣሪያው ላይ በበርሜል የሚከፈል ግብር ለሕዝብ ድምፅ ልታቀርብ ስትዘጋጅ ኩባንያው ለድርድር ተቀመጠ፣ በ10 ዓመት 550 ሚሊዮን ዶላር ለከተማዋ ሊከፍል ተስማማ። ከአንዲት ሴትዮ የምክር ቤት ወንበር እስከዚህ 20 ዓመት ወስዷል።

ወደ እኛ ከተማ ስንመጣ ኬነዝ መሂያ አለ። ፊሊፒኖ አሜሪካዊ ነው፣ ሙያው ሒሳብ አዋቂነት። በ2018 ለኮንግረስ በግሪን ፓርቲ ስም በ34ኛው ወረዳ ተወዳደረ። ሪፐብሊካን ባልነበረበት ቅድመ ምርጫ ሁለተኛ ወጥቶ እስከ ኅዳር ዘለቀ፣ ከዚያም ጂሚ ጎሜዝ ረታው። መሂያ ያገኘው 27 ከመቶ ገደማ ነው። «ይኸው ባከነ» ያለ ሰው አልጠፋም። በ2022 ያው ሰው ለሎስ አንጀለስ ከተማ ሒሳብ ተቆጣጣሪነት፣ ኮንትሮለር ለሚባለው ወንበር ቀረበ። ተወዳዳሪው ፖል ኮሬትዝ ከ2009 ጀምሮ ምክር ቤት የቆየ፣ የትልልቆቹ ድጋፍ ያለው ሰው ነው። መሂያ የከተማውን በጀት በትልልቅ ቢልቦርድ ላይ ሥዕል አድርጎ ሰቀለው፣ ለፖሊስ ይሄን ያህል፣ ለቤት ይሄን ያህል ብሎ። ቢልቦርዱን ስነዳ አይቼዋለሁ፣ መብራት ላይ ቆሞ ለማንበብ የሚበቃ ነገር ነበር። የውሻ ልብስ ለብሰው የሚቀሰቅሱለት ልጆች ሁሉ ነበሩት። ከ60 ከመቶ በላይ አግኝቶ አሸነፈ።

ግን እዚህ ላይ ለግሪኖቹ የማያስደስት ነገር ልናገር። መሂያ ያን ምርጫ ሲያሸንፍ ግሪን አልነበረም፣ ፓርቲውን ትቶ ወጥቷል። ማክላክሊንም በ2018 ለክልሉ ምክትል ገዥነት ስትወዳደር ፓርቲ የለሽ ሆና ነው። ፓርቲው ሰው ያሠለጥናል፣ በር ማንኳኳት ያስተምራል፣ ሰውየው ሲበረታ ይሄድበታል። እንደ አውቶቡስ ፌርማታ ነው፣ ሁሉም ያርፍበታል፣ ማንም አይኖርበትም።

«ይሄ አካባቢ ጥበቃ የጠገበ ፈረንጅ ጨዋታ ነው» የምትሉኝም አላችሁ። ጎረቤታችን ኬንያን ተመልከቱ እንጂ። ዋንጋሪ ማታይ በ1977 ሴቶችን ሰብስባ ዛፍ መትከል የጀመረች፣ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘች ሴት ናት። በ2002 በትልቁ የተቃዋሚዎች ኅብረት ስም ተወዳድራ ፓርላማ ገባች። በ2007 በራሷ ትንሽ የአረንጓዴ ፓርቲ ስትወዳደር ግን ወንበሯን አጣች። ርዋንዳ ላይ ደግሞ የዴሞክራቲክ ግሪን ፓርቲው ምክትል ሊቀመንበር በ2010 ተገድሎ ተገኘ፣ ፓርቲው ሕጋዊ ፈቃድ ያገኘው በ2013 ነው፣ በ2018 ሁለት የፓርላማ ወንበር አገኘ። የጠገበ ሰው ጨዋታ ቢሆን ሰው አይሞትበትም ነበር። እኛ አገር ዛፍ ተከላው የመንግሥት ዘመቻ ነው። የአቃቂን ወንዝ ጠረን ጉዳዬ ብሎ በር ለበር ሄዶ ድምፅ የጠየቀኝ ፓርቲ ግን አላስታውስም።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ከተማው ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው ይህ የፌርፋክስ ክፍል፣ በ2002 መሆኑ ነው፣ ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ይደርሳል። ከዚያ በፒኮ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ብሎክ ብትነዱ ቢሮ የሚመስል፣ ግን መስኮት የሌለው ሕንፃ ታገኛላችሁ። ቢሮ አይደለም፣ ውስጡ የነዳጅ ጉድጓድ ነው። እንጀራ ልንበላ ስንመጣ ፓርኪንግ ፍለጋ ስንዞር ስንቴ አልፈነዋል! በ1985 መጋቢት ደግሞ እዚሁ ፌርፋክስ ላይ፣ ሦስተኛ ጎዳና አጠገብ፣ ከመሬት የወጣ ሚቴን ጋዝ የሮስ ልብስ መደብርን አፈንድቶ 23 ሰው ቆስሏል። እኛ ሰፈሩን ስም ከማውጣታችን በፊት ከሥሩ ዘይትና ጋዝ ነበረ፣ አሁንም አለ።

በታኅሣሥ 2022 የከተማው ምክር ቤት አዲስ ቁፋሮ እንዲቆም፣ ያለውም በ20 ዓመት ውስጥ እንዲዘጋ ወሰነ። ውሳኔው ከሰማይ አልወረደም። ዩኤስሲ አጠገብ አለንኮ የሚባለው ጉድጓድ ጎረቤቶች ልጆቻቸው አፍንጫቸው እየደማ ለዓመታት ጮኸዋል። ከመካከላቸው ናሌሊ ኮቦ በ9 ዓመቷ መናገር ጀምራ በ2022 የጎልድማንን ሽልማት አግኝታለች። ኩባንያዎች ከሰው በኋላ የከተማውን ውሳኔ በ2024 ፍርድ ቤት ሻረው፣ ሙግቱ እንደገና ተከፈተ። አሁን በር የሚያንኳኳ ዕጩ ሲመጣ የሚጠየቅ ጥያቄ አለን ማለት ነው።

እኔ ደግሞ በሾፌርነቴ ግሪኖቹን የምጠይቀው አለኝ። የካሊፎርኒያ ደንብ በ2030 በአፕሊኬሽን ከሚሠሩ ኩባንያዎች ጉዞ 90 ከመቶው በኤሌክትሪክ መኪና እንዲሆን ያዛል። አየሩ ይጸዳል፣ ደስ ይለናል፣ ጭሱን ቀን ሙሉ የምንስበው እኛ ነን። ግን መኪናው የማን ነው? የሾፌሩ ነው። አፓርትመንት የሚኖር ሐበሻ ሌሊት የት ቻርጅ ያድርግ? በ2020 ኩባንያዎቹ ሾፌር ተቀጣሪ ሆኖ እንዳይቆጠር በፕሮፖዚሽን 22 ላይ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው አሸንፈዋል። ተቀጣሪ ካልሆንክ የመኪናህ ዕዳ የራስህ ነው። «አየር ይጽዳ» ብሎ ሒሳቡን ለሾፌር የሚተው ፓርቲ በሬን ቢያንኳኳ ሻይ አቀርብለታለሁ፣ ድምፄን ግን ቆይ እላለሁ።

ለማን ምን ይቻላል? ዜጋ ያልሆናችሁ፣ በምንም ምክንያት ለመምረጥ እንዳትመዘገቡ፣ ፎርም ላይ ሰው በስሕተት ቢያስፈርማችሁ እንኳ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ግሪን ካርድ ያላችሁ ግን በበጎ ፈቃድ ልትቀሰቅሱ፣ ገንዘብም ልታዋጡ ሕጉ ይፈቅዳል። ዜጎች የሆናችሁ ወረቀቱ ቤታችሁ በፖስታ ሲመጣ ከላይኛው ስም አትጀምሩ። ገልብጡትና ከታች፣ የፓርቲ ስም ከሌለበት ከከተማው ዕጩዎች ጀምሩ። ከእነዚያ ዕጩዎች አንዱ ፌርፋክስ ላይ ቡና ሊጠጣና ፎቶ ሊነሣ ሲመጣ ደግሞ እጁን ይዛችሁ አምስት ደቂቃ በፒኮ አስኬዱትና ያን መስኮት የለሽ ሕንፃ አሳዩት። ምን እንዳለ ቀርጻችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ አቀርበዋለሁ።