ቃጫውን ነክረን እንፈትነው

በሳንጃ ጭቃ ቤት ሲሠራ ጭቃው በጤፍ ጭድ ይቦካል፤ ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል። መሐንዲሶች ዛሬ ኮምፖዚት የሚሉት ቁስም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሸክም የሚይዝ ክር አለ፣ ክሩን የሚያያይዝ ማጣበቂያ አለ። ጭቃ የሚመርግ ሰው ግን ጠላቱን ያውቀዋል፤ ግድግዳው የሚቦረቦረው ከጣሪያ የወረደው ውሃ በሚረጨው እግሩ በኩል ስለሆነ መሠረቱን በድንጋይ ከፍ ያደርጋል፣ ክፈፉን ያስረዝማል። የሲሳልና የእንሰት ቃጫን ሬዚን ከሚባለው ማጣበቂያ ጋር አዋህዶ ለኮርኒስና ለመኪና የውስጥ ልባስ የማዋሉ ሐሳብ ደግ ነው። ይሁንና ደረቅ ናሙና ተጎትቶ የተገኘ የጥንካሬ ቁጥር ብቻውን ለገበያ ማለፊያ ሊሆን አይገባም።

የእጽዋት ክር አካሉ በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ ውሃ ወዳድ ነው። ሲሳል ዝናብ ሳይነካው ከአየር ብቻ የክብደቱን 10 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል። ሲርስ ያብጥና በዙሪያው ያለውን ሬዚን ይሰነጥቃል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ከሬዚኑ ይላቀቃል፤ ክፍተቱም ለቀጣዩ ውሃ መንገድ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ክሩ ሳይበጠስ ቁሱ ይደክማል፤ ክሩና ሬዚኑ ሸክሙን የሚካፈሉት ተያይዘው ሳሉ ነውና። ሬዚኑም ውሃ ሲገባው ቀድሞ ከሚለዝብበት ባነሰ ሙቀት ይለዝባል። ሙቀት ደግሞ የውሃውን ሰርጎ መግባት ያፋጥናል። ስለዚህ በበጋ የሚያቃጥለው፣ በክረምት የሚዘንበው የሳንጃ ቆላ ከዳባት ደጋ የከፋ ፈታኝ ነው።

ኮርኒስ ከዝናብ ተከልሎ የሚኖር ነው የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ቃጫው ከአየርም ይጠጣል፣ በክረምት የሚያፈስ ቆርቆሮም ብርቅ አይደለም። ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ ይበቃል ለሚሉም፣ እጥበቱ መምጠጡን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም። ከውጭ የሚገባው ፋይበርግላስስ? የብርጭቆ ክር ራሱ ውሃ አይመጥጥም፤ ሬዚኑ ግን ይመጥጣል፣ ለዓመታት ውሃ ላይ የኖረ የፋይበርግላስ ጀልባም ቆዳው ውሃ ይቋጥራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው፤ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ሲነደፍ የሚታሰበው ጥንካሬ ሙቀትና እርጥበት ተባብረው ያዳከሙት ነው። ለአውሮፕላን የሚገባው ጥንቃቄ ለኮርኒስ ይበዛ ይሆናል፤ ዘዴው ግን ውድ አይደለም። ናሙናውን መዝኖ መንከር፣ ክብደቱ መጨመር እስኪያቆም መጠበቅ፣ ማድረቅ፣ ደግሞ መንከር፣ ከዚያ መስበር ነው። ሚዛን፣ ገንዳና ትዕግሥት ይበቃል። በማሸጊያው ላይም የደረቁ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የረጠበውም ጎን ለጎን ይታተም።